ረጅም ልብ ወለድና ቸኳይ አንባቢ

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቸኳይ አንባቢን ከደጃፉ የሚመልስ መጽሐፍ ነው። ውፍረቱ ያስፈራል፤ በፍቅሩ ዝና ተስቦ የገለጠውም ሰብለ ወንጌልን ሲሻ አስቀድሞ የሚያገኘው የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው። ይህንንም እንደ መንዛዛት ይቆጥረዋል።

ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው። በዛብህ በወላጆቹ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሆኑን ያላወቀ አንባቢ፣ ኋላ ፍቅሩ የሚጋጨው ከፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ጋር ብቻ ይመስለዋል፤ ከወላጆቹ ቃል ጋርም መጋጨቱ ያመልጠዋል። የጉዱ ካሣም ትችት ሥር የሚይዘው ቀስ በቀስ በተገነባው በዚህ የጎጃም ኑሮ ላይ ነው።

የብዙውን ሰው ማመንታት የረታው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነበር። መጽሐፉ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ሲተረክ ርዝመቱ ሸክም መሆኑ ቀርቶ የሚናፈቅ ቀጠሮ ሆነ። እጁ ከመወርወሪያ የማይላቀቅ የጉለሌ ሸማኔ እንኳ ጆሮው ነፃ ነውና የመጽሐፉ ተካፋይ ለመሆን መንገድ አገኘ።

እንግዲህ ረጅሙን ልብ ወለድ አሳጥሮ ለተማሪ ማደል፣ ታሪኩን ሰጥቶ ሕይወቱን መንሳት ነው። መምህሩ በየሳምንቱ ጥቂት ገጾች ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ የቀረውን ተማሪው ራሱ ይፈልገዋል።