ከአንዲት እጥፋት የሚነሳ

ከጭሮ ገበያ የገዛሁትን ሰፌድ ጠረጴዛ ላይ አኑሬ መሃል መሃሉን አያለሁ። ስፌቱ የተጀመረው እዚያ ነው፤ ሽምብራ በምታክል ጥምዝ የሣር እጥፋት። ሰፌዱም ሙዳዩም መሶቡም የሚነሱት ከዚህችው ነው። ሰፊዋ ዙሩን እንደተዘረጋ ብትገፋበት ሰፌድ ይወጣታል፤ ጠርዙን ወደ ላይ ብታነሳው ሙዳይ ይሆናል። እጅ እየሠራ ይወስናል።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የሣር ጭብጥ እንደ ገመድ ይያዛል፤ በላዩ ስንደዶ ወይም በቀለም የተነከረ አለላ ይጠመጠማል፤ ወስፌ የታችኛውን ዙር ይበሳል፣ አለላው በቀዳዳው አልፎ ይጠብቃል። እያንዳንዷ ስፌት ታዲያ ሁለት ጎረቤት አላት፦ አንዷ አሁን የተሰፋችው፣ ሌላዋ ከሥሯ ያለችው፣ ምናልባትም የትናንቷ። ሰፊዋ ወደፊት እየሄደች የኋላውን ታነባለች።

የሰፌዴ ዙር ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሰፌዱ ቢያንስም ቢተልቅም ጭማሪው ያው ነው። በላዩ 8 ቀይ ሦስት ማዕዘኖች አሉ። ስለዚህ በየዙሩ ከጭማሪው ለእያንዳንዱ ከነክፍተቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። ይህቺን ቁራሽ ለቀዩ ትስጠው ወይስ ለነጩ? ለቀዩ ስትሰጠው ይሰፋል፣ ስትነፍገው ይሾላል። ማስመሪያ የለም፤ ቁጥሩ በጭንቅላቷ፣ ልኩ በጣቷ ነው።

አንደኛው ሦስት ማዕዘን ላይ ቀዩ አልቆባት ይሁን አምሯት ሐምራዊ አስገብታለች። ሐምራዊው ብቻውን አልቀረም፤ ሁለት ዙር አለፍ ብሎ ከማዶ በኩል ተደግሟል። እንግዳው ቤተኛ ሆነ። ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ።

ሰፌዱን የገዛሁባትን ጭሮን ከተማ ያደረጓት፣ አሰበ ተፈሪም ያሰኟት፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ጨርጨርን ሲገዙ ለሌላው አርአያ እንዲሆን አቅደው ነው የሠሩት። አስቀድሞ ማርቀቅ ትልቅ ጥበብ ነው። እየሠሩ ማሰብም እንዲሁ ነው፤ ግን ለእርሱ ስም ስንሰጥ አንታይም፣ «የእጅ ሥራ» ብለን እናልፈዋለን። ከጭሮ በሂርና አድርጎ ሐረር የዘለቀ ሰው፣ በዚያ የቤቶቹን ግድግዳ የሸፈኑትን ስፌቶች ሲያይ የዚህን ጥበብ ስፋት ይረዳል።

የመጨረሻውን ዙር በጣቴ እከተለዋለሁ። ሣሩ ቀስ በቀስ እየሳሳ ከታችኛው ጋር ይዋሃዳል፤ የት ላይ እንዳበቃ ጣቴ አይለየውም። ጥቂት ሣርና አለላ ቢያገኝ ከዚያው ይቀጥላል።