ካሊያዬቭ እጁን ለምን ሰበሰበ?

ባለፈው ወር የአልቤር ካሙን «ሌ ዡስት» የተባለ ተውኔት («ጻድቃኑ» ብንለው ይቀርበዋል) ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ወደ አማርኛ እየመለስን በመኝታ ክፍላችን ጮክ ብለን አነበብነው። ሁለተኛው ገቢር ላይ ስንደርስ ንባቡ ቆመና ጭቅጭቁ ተጀመረ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኖም አልበረደም። እኔ በዚያ ሌሊት ከተሸነፉት ወገን ነበርኩ። እዚህ የምጽፈው እንግዲህ ያን ጊዜ አፌ ላይ ያልመጣልኝን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ሞስኮ ውስጥ የሶሻሊስት አብዮተኞች ፓርቲ አባላት የዛሩን አጎት፣ መስፍኑን ሰርጌይን፣ በቦምብ ለመግደል ያደባሉ። ካሊያዬቭ የተባለው ወጣት ቦምቡን ይዞ ይጠብቃል። ሠረገላው ሲቃረብ ግን ውስጡ ሁለት ልጆች፣ የመስፍኑ የወንድም ልጆች፣ ተቀምጠው ያያል። እጁን ሰበሰበ። ከሁለት ቀን በኋላ ልጆቹ በሌሉበት ወረወረና መስፍኑን ገደለ፤ በዚያው ዓመት ተሰቀለ። ይህ በታሪክ የተፈጸመ ነው። ካሙ እ.ኤ.አ. በ1949 ፓሪስ ውስጥ መድረክ ላይ አወጣውና ጓዶቹን አከራከረበት። ስቴፓን የተባለው ገጸ ባሕርይ ይቆጣል፦ ለሁለት ልጆች ስትራሩ በረሃብ የሚያልቁትን ሺህ የሩሲያ ልጆች ረሳችሁ ነው የሚለው።

ክፍላችን በአመዛኙ ከስቴፓን ጋር ወገነ። «ፈጽሞ አይደረግም የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም እንደ ሁኔታው ነው» አለ አንዱ። ይሄ አባባል ባዶ አይደለም። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ ደጅህ ቆሞ ወዳጅህን ቤትህ ደብቀኸው እንደሆነ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይገባህም ይላል። ዋሽተህ ወዳጅህ ሳታውቅ ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ከገዳዩ ጋር ቢገጥም ተጠያቂው አንተ ነህ ይላል ደግሞ። እንዴ! ይህንን ሳነብ ፈላስፋው ደጁ በእውነት ተንኳኩቶበት ያውቃል ወይ ብያለሁ። ፍጹም ሕግ እንዲህ ሰውየውን ትቶ ራሱን ብቻ የሚያድን ከሆነ፣ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ።

ግን እስቲ ስቴፓንን ጠጋ ብለን እንየው። «ገደብ የለም» የሚለው ሰው ፍጹም የሚባል ነገር የሌለው ይመስላል። አለው እንጂ! ነገ የሚመጣው ፍትሕ ለእሱ ፍጹም ነው፤ አይጠየቅም፣ አይመዘንም፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ይመዘናል። በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ስቴፓን በአንድ ቃል የሚምል የለም። ስለዚህ ክርክሩ ፍጹም ሕግ በሚያምኑና በማያምኑ መካከል ነው ማለታችን ስሕተት ነበር። አንደኛው ፍጹሙን በእጁ ላይ አኖረ፤ ይህን አላደርግም አለ። ሌላው በዓላማው ላይ አኖረው፤ እጁን ለቀቀ።

ይህንን ካልኩ በኋላ ካሊያዬቭን መልአክ ላደርገው አልችልም። «አትግደል» የሚለውን ሕግ እሱም ጥሷል። ከሁሉ የሚከነክነኝ ደግሞ ባለሠረገላው ነው። በእውነተኛው ታሪክ መስፍኑን የገደለው ቦምብ ባለሠረገላውንም አቁስሎት ኋላ ሞቷል። ለሁለቱ የመሳፍንት ልጆች አንድ ገቢር ሙሉ ሲከራከሩ የሰማናቸው ጓዶች፣ ፈረስ እየነዳ ስለሚበላው ሰው ሲከራከሩ አንሰማም። ለድኻው እንሞታለን የሚሉ ሰዎች ናቸው እኮ! ገደቡ የተሰመረው ርኅራኄያቸው እስከደረሰበት ብቻ ነው። አንዳንዱ ይህን ገደብ ማበጀት ከንቱ ለመሆኑ ማስረጃ ያደርገዋል። እኔ ግን መስመሩ ጠበበ እላለሁ እንጂ መስመሩ መጥፎ ነው አልልም።

«ውጤቱን አስላ» ለሚሉት ደግሞ አንድ የታሪክ ቀልድ አለ። ከሁለቱ ልጆች አንዱ ዲሚትሪ አደገና እ.ኤ.አ. በ1916 ራስፑቲንን ከገደሉት ሰዎች አንዱ ሆነ። በ1905 ሞስኮ አደባባይ ቆሞ ይህንን ማን ያሰላዋል? ስቴፓን አያሰላውም፤ ካሊያዬቭም እንዲሁ።

ሳርትር ከካሙ አንድ ዓመት ቀድሞ «የቆሸሹ እጆች» በተሰኘው ተውኔቱ የተቃራኒውን ወገን በተሻለ ጠበቃ አቁሞለታል። የእሱ ሆዴሬር ሕዝብ የሚወድ፣ ሳቅ የሚያውቅ፣ እጄን ሳላቆሽሽ ማስተዳደር አልችልም የሚል ሰው ነው። የካሙ ስቴፓን ግን የግርፋት ጠባሳውን ተሸክሞ የመጣ፣ ጥላቻው ከክርክሩ የሚቀድም ነው። እዚህ ላይ ካሙ አዳልቷል፤ ለጠንካራ ሐሳብ የቆሰለ ጠበቃ ብቻ ሰጠው። ሰዎቹም አንዳንዴ ሲነጋገሩ ሳይሆን ተራ በተራ መግለጫ ሲያነቡ ይመስላሉ። በተውኔትነቱ የሳርትር ይበልጣል። ነገር ግን የሳርትር መጨረሻ የስቴፓንን ክርክር ያፈርሰዋል፦ ሆዴሬር በከሃዲነት ከተገደለ በኋላ ፓርቲው የእሱኑ መስመር ይከተላል። የትናንቱ ክሕደት የዛሬ ትክክለኛ አቋም ሆነ። መስመር ይታረማል፤ የሞተው ሰው ግን በምን ይታረማል?

ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተገደለ የአንድ ተማሪ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ወንድሟ ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ወገን ታሪክ ይፈርድልኛል ይል እንደነበር እናነባለን። አያቴ ስለ የትኛውም ወገን ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ የልጁን ዕድሜ ግን ሳትጠየቅ ትናገራለች። እኔ ከእሱ በሁለት ዓመት እበልጣለሁ።

የመጨረሻውን ገቢር ሳነሳ ዶራን ማለፍ አልችልም። ካሊያዬቭን የምትወደው፣ ስለ ፍቅርና ስለ ፍትሕ ከሁሉ ይበልጥ የምትጠራጠረው እሷ ነች። መሰቀሉን ስትሰማ የሚቀጥለውን ቦምብ እኔ ልወርውር ትላለች። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ጀግንነት አነበብነው። እኔ ሁለተኛ ሳነበው ፈራሁ። በዚያ ቅጽበት ስለ ልጆችም ሆነ ስለ ገደብ አንድ ቃል አትተነፍስም፤ የምትፈልገው እሱ የሄደበትን መንገድ መሄድ ብቻ ነው። ካሙ ይህን አውቆ ጽፎት ከሆነ፣ ከዚያ ሁሉ መግለጫ ይልቅ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።

ስቴፓንን ያነበበው ጓደኛችን «መልስ አለኝ» ብሎ ሲዝትብኝ ሰንብቷል። ለሚቀጥለው እትም ይጻፈው፤ ባለሠረገላውን ግን እንዳይዘልብኝ።