የዐርብ ቁልቁለት

ሐርጌሳ ውስጥ የምኖርበት ሰፈር 26 ጁን ይባላል። ስሙን ያገኘው ሶማሌላንድ ከእንግሊዝ ነጻ ከወጣችበት ዕለት፣ ከጁን 26 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ እዚህ በብስክሌት መሄድ ማለት ከፍየሉ፣ ከባጃጁና የሽልንግ ክምር መንገድ ዳር ዘርግተው ከተቀመጡት መንዛሪዎች ጋር መጋፋት ነው። ዐርብ ማለዳ ግን መንገዱ ባዶ ነው። የዕረፍት ቀኔ እሱ ነው፤ ብስክሌቴን ይዤ የምወጣውም ያን ዕለት ነው።

አከራዬ "ዕረፍት ከሆነ ለምን አትተኛም?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን ለብስክሌተኛ ማረፍ ማለት መተኛት ብቻ አይደለም። ቱር ደ ፍራንስ የሚወዳደሩት እንኳ በ23 ቀን ውስጥ 21 ቀን ተወዳድረው ሁለት ቀን ያርፋሉ፤ በእነዚያ ሁለት ቀናትም አንድ ሁለት ሰዓት ቀስ ብለው ነድተው፣ ቡና ጠጥተው ይመለሳሉ። ጭራሽ ያልተንቀሳቀሰ እግር በማግስቱ እንደ እንጨት ይገግማል። እኔ የእነሱ ዓይነት ሰው አይደለሁም። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ለክለብ ተወዳድሬያለሁ፤ ዛሬ የምተዳደረው ሕንፃ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት ነው፤ ዕድሜዬም ሃምሳን አልፏል። አርባ ደቂቃ፣ በቀላል ማርሽ፣ ወሬ እያወሩ መሄድ በሚቻልበት ፍጥነት፤ ዐርቤ ይኸው ነው።

ስለ ዕረፍት ቀን ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው እግር ነው፣ ዳገት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቼ የደረስኩበት ግን ሌላ ነው። የዕረፍት ቀን ከእግር ይልቅ ለእጅና ለዐይን ይጠቅማል፤ ጥቅሙ የሚታየውም ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ዳገት ላይ የደከመ ሰው ይዘገያል እንጂ ምንም አይሆንም። ቁልቁለት ላይ የደከመ ሰው አይዘገይም። ጣጣው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ጣርማ በር ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ደጋውን ጨርሶ፣ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ጉሙ ዐይን ይጋርዳል፤ ከዋሻው እንደወጣህ መሬቱ ከሥርህ ይጠፋል። ውድድር ቀርቦ ስለነበር ስምንት ቀን ያለ ዕረፍት ነድተን ነበር። በዘጠነኛው ቀን እግሬ ጥሩ ነበር። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ሰው ስለማያምነኝ ነው፤ ዋሻው ጋ ከሁሉም ቀድሜ ነው የደረስኩት። መውረድ ስንጀምር ግን የሆነ ነገር ልክ አልነበረም። ኩርባውን አየሁት፤ ጣቴ ግን አልሰማኝም። ፍሬን የያዝኩት ኩርባው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌት በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ግማሽ ሰከንድ መዘግየት ስምንት ሜትር ነው፤ የአንድ አይሱዙ ርዝመት ያህል። እኔ ያጣሁት ያንን ስምንት ሜትር ነው። የኋላ ጎማዬ ሸርተት አለና ጠጠሩ ላይ ተነጠፍኩ። የግራ ትከሻዬ አጥንት ተሰነጠቀ፣ ዳሌዬ ተላጠ፣ ቸርኬው እንደ ቂጣ ታጠፈ።

አጥንቱ በሁለት ወር ገጠመ። ድፍረቴ ግን አልተመለሰም። ድሮ በሳቅ የምወርደውን የእንጦጦን ቁልቁለት ፍሬን ጨብጬ፣ ትከሻዬን ጆሮዬ ድረስ ሰቅዬ መውረድ ጀመርኩ። ጓደኞቼ ከኋላ "አይዞህ! ልቀቀው!" ይሉኛል። ልቀቀው! እስካሁን ድረስ ከዚህ የባሰ ምክር አልሰማሁም። የፈራ ሰው የሚለቀው ነገር ያለው ይመስላቸዋል።

መላ የሰጠኝ አሠልጣኛችን ነው፤ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። አንድ የሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቶ ሰጠኝና "ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፍ" አለኝ። አንዱ ካረፍኩ ስንተኛ ቀኔ እንደሆነ፤ ሌላው በዚያ ቀን ቁልቁለቱን ስንት ፈራሁ፣ ከዐሥር። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ተቀብሎኝ፣ ገልጦ አየና መልሶ ሰጠኝ። "አንብበው።" አነበብኩት። ባረፍኩ ማግስት ሁለት፣ ሦስት። በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን ሰባት፣ ስምንት። መንገዱ ያው እንጦጦ ነው፤ ኩርባዎቹም ያው ናቸው። ተለዋዋጩ እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ዛሬም አብሮኝ አለ። ቁልቁለት ላይ የሚመጣ ፍርሃት ሁልጊዜ ውሸታም አይደለም። እጁ እንደዘገየ ሰውነት ቀድሞ ያውቃል፤ አፍ ስለሌለው በፍርሃት ይናገራል። ያንን ፍርሃት በወኔ መርገጥ መልእክተኛን መደብደብ ነው። በርግጥ አርፎም የሚፈራ ሰው አለ፤ ለሱ መፍትሔው ሌላ ነው፣ ልምምድ ነው። መጀመሪያ ግን ይረፍና ይለይለት።

የመውረድ ጥበብ ሲነገር ቀላል ነው። ፍሬን ከኩርባው በፊት ይያዛል፤ ከገቡ በኋላ ይለቀቃል። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፤ ስለዚህ አይፈሩትም፣ በድንገትም አይጨብጡትም። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የግራው ፔዳል ታች ይሆናል፤ ክብደት ሁሉ እሱ ላይ ይጫናል። እጅ የመሪው የታችኛው ክንድ ላይ፣ ክርን ላላ ብሎ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ቸርኬውን እያጋለ ካላማዳሪውን እስከማፈንዳት ሊደርስ ይችላል፤ ያዝ፣ ለቀቅ ነው የሚሻለው። ከሁሉም በላይ ዐይን፦ ጎማህ ያለበትን ሳይሆን ከኩርባው የምትወጣበትን ነው የምታየው። ብስክሌት ዐይን ወዳየበት ይሄዳል።

ድካም መጀመሪያ የሚሰርቀውም ይህንኑ ዐይን ነው። ሌላ ሰው ስትከተል ልብ በል። ያረፈ ነጂ ራሱ ከአካሉ ቀድሞ ወደ ኩርባው መውጫ ይዞራል። የደከመው አገጩ ይወርዳል፤ የሚያየው ሦስት ሜትር ፊቱን፣ ቀጥሎ አንድ ሜትር፣ መጨረሻ ላይ የራሱን ጎማ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ኩርባ ድንገተኛ ይሆንበታል። እኔ አንድ ሰው መውረድ እንደሌለበት የማውቀው ከእግሩ ሳይሆን ከአገጩ ነው።

መንገዶችም ጠባይ አላቸው። የዓባይ በረሃ በዚህ በኩል ደግ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥተህ ከ2,500 ሜትር ገደማ ድልድዩ ድረስ ወደ 1,100 ሜትር ስትወርድ ጉልበትህ ሙሉ ነው፤ የደጀን ዳገት የሚመጣው በኋላ ነው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ እንደ ምንጣፍ ይታጠፋል፤ ግን ነቅተህ ታየዋለህ። እዚህ ሶማሌላንድ ያለው የሼክ መንገድ ተቃራኒው ነው። ከበርበራ ሜዳ ተነሥተህ፣ በሙቀት ተቀቅለህ፣ ተራራውን ትወጣለህ፤ ከተማዋ ከ1,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ወደ በርበራ ስትመለስ ያንን ጠመዝማዛ የምትወርደው ባለቀ እጅና በደከመ ዐይን ነው።

ወጣቶቹ በስልክ የሚያዩት ሌላ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ ክሪስ ፍሩም የፔይረሱርድን ቁልቁለት ከኮርቻው ወርዶ የብስክሌቱ ብረት ላይ ተቀምጦ፣ በደረቱ መሪው ላይ ተኝቶ ፔዳል እየመታ ወርዶ ሲያሸንፍ ዓለም ጉድ አለ። በዚያው ቱር ላይ የመቐለው ጽጋቡ ግርማይ ነበር፤ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። እኛ የጽጋቡን ስም ስንፈልግ ልጆቹ የፍሩምን አቀማመጥ ቀዱ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ያንን አቀማመጥ በ2021 ከለከለው። በጁን 2023 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ጂኖ ሜደር በገዛ አገሩ ውድድር የአልቡላን ቁልቁለት ሲወርድ ወድቆ ሞተ፤ 26 ዓመቱ ነበር። የፍሩምን ቪዲዮ ለሚያሳዩኝ ሁሉ ይህንንም እነግራቸዋለሁ።

ሐርጌሳ ለቁልቁለት ሰው ሌላ ትምህርት አላት። እዚህ የሚነዳው በቀኝ ነው፤ መኪናው ግን አብዛኛው መሪው በቀኝ ያለ ቪትዝ ነው። ሹፌሩ የተቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ስለሆነ ለመቅደም ሲፈልግ ቀድሞ የሚወጣው የመኪናው አፍንጫ ነው፤ እሱ የሚያየው በኋላ ነው። ከወጃሌ በኩል ጫት ጭኖ የሚመጣ መኪና ደግሞ ለማንም አይቆምም። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ጎርፍ ያወረደው አሸዋ ኩርባ ላይ ተነጥፎ ይቀራል፤ ቀለሙ ከአቧራማው አስፋልት አይለይም።

ስለዚህ ዐርብ ማለዳ አንዲት ቁልቁለት አለችኝ። ሦስት መቶ ሜትር አትሞላም፤ መጨረሻዋ ላይ ወደ ግራ የምትዞር ኩርባ አለች። እዚያ ዐሥር ጊዜ እወርዳለሁ፤ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር አላልፍም። እግር አይሠራም፤ ሽቅቡንም ብስክሌቴን እየገፋሁ ነው የምመለሰው። አንድ ጊዜ ፍሬን የምይዝበትን ቦታ ብቻ አስባለሁ፤ አንድ ጊዜ ዐይኔን ብቻ፤ አንድ ጊዜ የቀኝ ተረከዜን ብቻ። ጥግ ላይ የምትቀመጠው ሻይ ሻጭ መጀመሪያ ሰሞን ያበድኩ መስሏት ነበር፤ አሁን ስምንተኛው ላይ ስደርስ ሻዬን ትቀዳለች። አካል ያርፋል፤ ዐይንና እጅ ግን ያለ ፍርሃት ይማራሉ። በፍጥነት መውረድ በፍጥነት አይለመድም።

አንድ የጅግጅጋ ልጅ አብሮኝ ይነዳል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዳገት ላይ ጀርባውን ነው የማየው። ስለ ዕረፍት ስነግረው "እሺ ጋሼ" ይላል፤ አያርፍም። ባለፈው ጥር፣ የበርበራ ሙቀት በረድ ሲል፣ ብስክሌቶቻችንን በጓደኛዬ ፕሮቦክስ ጭነን ወደ ሼክ ሄድን። ከተራራው ግርጌ ጀምረን ወጣን። እሱ ከኔ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ደርሶ ላሖህ በሻይ እየበላ አገኘሁት።

"ካረፍክ ስንት ቀንህ ነው?" አልኩት።

"አላስታውስም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው አንወርድም።"

"እንዴ! ቁልቁለት ላይ እኮ ምንም አልደክምም፤ ራሱ ነው የሚወርደው!"

"እሱን አይደል የምልህ። ራሱ ነው የሚወርደው።"

ተቆጣ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ፤ የራስ ቁሩን መኪናው ወንበር ላይ ወረወረው። እኔም አልለመንኩትም፤ ብስክሌቶቹን አንድ ላይ አስረን ጫንን። ከኋላ ተቀምጦ መስኮቱን ከፍቶ መንገዱን ሊያይ ፈለገ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሳንደርስ ዘወር ብዬ አየሁት፤ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ እንቅልፍ ወስዶታል።