ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስን ስናስብ

በሎስ አንጀለስ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ዙሪያ ያለን ምእመናን አቡነ መርቆሬዎስን የምናስባቸው ከእሑድ ቅዳሴ ጋር ነው። ካህኑ የፓትርያርኩን ስም የሚያነሣበት ጸሎት ሲደርስ ሕዝቡ ጆሮውን ያቆም ነበር፤ ደብሩ በየትኛው ሲኖዶስ ሥር እንደሆነ የሚታወቀው በሚጠራው ስም ነውና። በዚህ ምክንያት ወንድምና እህት በተለያየ ደብር አስቀድሰዋል፤ አበልጅ ከአበልጁ ተራርቋል። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ፌርፋክስ ለምሳ ሲገናኙ፣ ይህን ነገር ላለማንሣት ይጠነቀቁ ነበር።

ቅዱስነታቸው በ1930 ዓ.ም. ጎንደር ተወልደው በነሐሴ 1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አራተኛው ፓትርያርክ ሆኑ። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከመንበራቸው ወርደው በኬንያ በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ በምትካቸው ፓትርያርክ ሆነው ሲሾሙ በሀገር ቤቱና በስደቱ ሲኖዶስ መካከል ክፍፍሉ ጸና፤ ውግዘትም ተከተለ። በ1994 ዓ.ም. የከተማው ምክር ቤት ሰፈሩን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ሲለው፣ ሀገራችንን በአንድ ስም ጠራን፤ አባታችንን ግን በአንድ ስም መጥራት አልቻልንም።

የአባቶች ጠብ እኛን ለምን እንዲህ እንደሚከፍለን ከሌላ እምነት ጋር ሲነጻጸር ይገለጣል። የሲክ እምነት ተከታዮች ከጉሩ ናናክ ጀምሮ በ10 ጉሩዎች (መንፈሳዊ መምህራን) ተመርተዋል። ዐሥረኛው፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ፣ በ1708 እ.ኤ.አ. ከማረፋቸው በፊት የጉሩነቱን ሥልጣን ለቅዱስ መጽሐፋቸው ለጉሩ ግራንት ሳሂብ ሰጡ። መጽሐፍ ከመንበር አይወርድም፤ አይሰደድም። እኛ ዘንድ ግን ክህነት በአንብሮተ እድ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የንስሐ አባትም ቤታችን ገብቶ፣ ኃጢአታችንን ሰምቶ ይመክረናል። ስለዚህ አባቶች ሲጣሉ ልጆች ይበተናሉ፤ አባቶች ሲታረቁ ልጆች ይሰበሰባሉ።

ይህንንም በዓይናችን አየን። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ በሁለቱ ሲኖዶሶች መካከል ዕርቅ ወረደ፤ ውግዘቱ ተነሣ፤ ሐምሌ 25 ቀን ቅዱስነታቸው አዲስ አበባ ገቡ። በአዲስ አበባ መንበር ላይ የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን እንዲይዙ፣ እሳቸው በጸሎትና በቡራኬ እንዲያገለግሉ፣ የሁለቱም ስም በጸሎት እንዲነሣ ተወሰነ። ከዚያ ሁሉ የስደት ዘመን በኋላ አስተዳደሩን ለወንድማቸው ትተው በጸሎት መወሰናቸው፣ ለእኔ ከፓትርያርክነት ዘመናቸው ሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ነው።

የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ። በክፍፍሉ ዘመን ተራርቀን ዛሬም ያልተጠያየቅን ካለን፣ ለእሳቸው የሚገባው ተዝካር መታረቅ ነው። ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን።