የተመራቂው ደመወዝና የተማሪው ዕዳ፤ በአንድ የቁጥር መዝገብ ላይ የቀረበ ሂስ

የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር በ2015 (እ.ኤ.አ.) «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የተባለውን መዝገብ የተማሪዎችን ገቢ ጨምሮ ለሕዝብ አቀረበ፤ በ2019 ደግሞ በየትምህርቱ ዓይነት ከፋፈለው። አንድ ወጣት ኮሌጁንና ትምህርቱን ሲመርጥ፣ ተመራቂዎቹ የሚያገኙት ደመወዝና ይዘውት የወጡት ዕዳ ጎን ለጎን ተጽፎ ያገኛል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ የኮሌጅን ማስታወቂያ ብቻ አምኖ ከመበደር ይሻላል። ሆኖም ሁለቱ ቁጥሮች በእውነት በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ ይችላሉን? ይህን ለመመርመር የኮምፕዩተር ምሕንድስናን ወስደናል፤ ሒሳቡ አምሮ ከሚታይባቸው ትምህርቶች አንዱ ነውና።

በወላጆቹ የሚረዳ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት ሊበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው። ድምሩ 27,000 ይሆናል። በትምህርት ላይ ሳለ የሚከማቸውን ወለድ ትተን፣ ወለዱ ከመቶ 6፣ የመክፈያው ጊዜ 10 ዓመት ነው ብንል፣ በየወሩ 300 ዶላር ያህል ይከፍላል። የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በ2025 ባወጣው ሠንጠረዥ የአዳዲሶቹ የኮምፕዩተር ምሕንድስና ተመራቂዎች መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 80,000 ዶላር ነው። መካከለኛ ማለት ሠራተኞቹ በደመወዛቸው ተራ ቢሰለፉ እመካከል ላይ የቆመው ሰው የሚያገኘው ነው። እንግዲህ የወሩ ክፍያ፣ ግብር ካልተነሣለት ደመወዝ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም። ይህን አይቶ «ተበደርና ተማር» ብሎ የሚመክር ሰው አይፈረድበትም።

ነገር ግን በዚያው የባንኩ ሠንጠረዥ ላይ ሌላ ረድፍ አለ። ከእነዚሁ ተመራቂዎች መካከል ከመቶ 7.5 ያህሉ ሥራ ፈልገው ያጡ ነበሩ። (የሥነ ምግብ ተመራቂዎች ሥራ አጥነት በዚያው ሠንጠረዥ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ስለ ምግብ ጥናት ስንት ጊዜ ተቀልዷል!) 80,000 የተባለው ደመወዝ የተለካው ሙሉ ቀን ከሚሠሩት ላይ ብቻ ነው። ስኮርካርዱም እንደዚሁ ገቢን የሚቆጥረው ሥራ ላይ ካሉትና ትምህርት ላይ ከሌሉት ነው። ዕዳው ግን ተበድረው ከተመረቁት ሁሉ ይቆጠራል። ሥራ ያጣው ሰው ከደመወዙ ዓምድ ይወጣል፤ ከዕዳው ዓምድ አይወጣም። ሁለቱ ዓምዶች ስለ ተመሳሳይ ሰዎች የሚናገሩ መስለው ሲታዩ፣ በእርግጥ ግን የተለያዩ ሰዎችን ይዘዋል። ይህ የአሠራር ጉድለት እንጂ የጥቃቅን ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው ከሁለቱም ዓምድ የጠፋው ተማሪ ነው። የምሕንድስና ትምህርት መጀመሪያው ከባድ ነው፤ የሒሳብና የፊዚክስ ኮርሶች ተደራርበው የሚመጡት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው 12,000 ዶላር ተበድሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከላይ ባልነው ስሌት በወር 133 ዶላር ያህል ነው። ዲግሪ የለውም፤ የመሐንዲስ ደመወዝም አያገኝም። ለኮሌጁ በጠቅላላ የተሰጠው የገቢ ቁጥር ያላጠናቀቁትንም ያካትታል፤ ይህ ለአዘጋጆቹ ሊመሰገንላቸው ይገባል። በትምህርት ዓይነት የተከፈለው ሠንጠረዥ ግን የሚያውቀው ተመራቂን ብቻ ነው፤ ወጣቱ ለመወሰን የሚመለከተውም ይህንኑ ነው። በ300 ዶላርና በ80,000 መካከል ያለውን ሰፊ ርቀት አይቶ የተበደረው፣ በ133 ዶላርና በአንድ የሱቅ ሠራተኛ ደሞዝ መካከል ያለውን ርቀት ማንም አላሳየውም። ደግሞም የአሜሪካ ሕግ የተማሪ ብድርን በኪሣራ ፍርድ ለመሰረዝ ከሌላው ዕዳ ይልቅ እጅግ አስቸጋሪ አድርጎታል።

ስለ ወላጆችም አንድ ነገር እንጨምር። ተማሪው ከያዘው ዕዳ ላይ ወላጆች በስማቸው የተበደሩት አይደመርም፤ ከግል ባንክ የተወሰደውም የለበትም። የወላጆች የፌዴራል ብድር ለብዙ ዘመን እስከ ቀሪው ወጪ ሁሉ ይፈቀድ ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ለአዲስ ተበዳሪዎች በአንድ ልጅ በጠቅላላ 65,000 ዶላር ላይ ወሰነው። ይህ ግን ልጁ ራሱ ከሚበደረው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። በዋሺንግተን አካባቢ እንደሚኖሩት ወገኖቻችን ባሉ ቤተ ሰቦች ዘንድ፣ የልጅ ትምህርት የቤተ ሰቡ ሁሉ ጉዳይ ነው፤ የአባት ዕዳ የልጁ አይደለም ብሎ የሚለይ ሠንጠረዥ በእነርሱ ቤት ያለውን ሒሳብ አያውቅም።

አዘጋጆቹ በየትምህርቱ ዓይነት ሦስተኛ ዓምድ ቢጨምሩ ጥሩ ነበር፤ ይኸውም ትምህርቱን ከጀመሩት መቶ ተማሪዎች ስንቱ እንደ ጨረሱ፣ ስንቱ ሥራ እንደ ያዙ፣ የቀሩትም ምን ያህል ዕዳ ይዘው እንደ ወጡ የሚያሳይ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በተማሪ ቪዛ የሚሄደው ጓደኛችን ግን በሦስተኛውም ዓምድ አይገኝም። የፌዴራል ብድር ለእርሱ አይሰጥም፤ የመዝገቡ የገቢ ቁጥር የተሰበሰበውም የፌዴራል እርዳታ ከተቀበሉት ተማሪዎች ነው። እርሱ ሊጠይቅ የሚገባው ኮሌጁ ራሱ ለውጭ አገር ተማሪ ስንት እንደሚረዳ፣ ከተመረቀ በኋላም ለስንት ጊዜ መሥራት እንደሚፈቀድለት ነው። በ2016 የወጣው ደንብ ለምሕንድስና ተመራቂ በ12 ወሩ ላይ 24 ወር ጨምሮለታል፤ ድምሩ 3 ዓመት ነው። ከግል አበዳሪ የወሰደው ብድር የ10 ዓመት ከሆነ፣ የቀሩት 7 ዓመታት የሚከፈሉት በየት አገር ደመወዝ ነው?