ፕሌይ ከመነካቱ በፊት

ጥሩ ስፒከርና አምፕሊፋየር ያላቸው ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲጠሩኝ ጥያቄያቸው ስለ ዕቃ ነው፤ የትኛው ዳክ (ዲጂታሉን ፋይል ወደ ድምፅ ሞገድ የሚለውጠው ዕቃ) ይሻላል፣ የትኛው ገመድ ይገዛ። እኔ ግን አስቀድሜ ማየት የምፈልገው ፋይሎቹን ነው። ሙዚቃን ከሃርድ ዲስክ አንስቶ በቤት ኔትወርክ ወደ ስፒከር ማድረስ ዛሬ አያስቸግርም። አድካሚው ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ነው፤ በተለይ የሚደመጠው የአገራችን የድሮ ዘፈን ሲሆን።

ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዕድለኞች ናቸው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ የሲዲ ተከታታይ ብዙዎቹ እንደገና ለጆሮ በቅተዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን፣ እነ ሮሃ ባንድ ያጀቡት ያ ሁሉ ሥራ፣ ይህን ያህል ጠባቂ አላገኘም። በእጃችን የሚዞረው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው በጥድፊያ ከካሴት ወደ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 የገለበጠው፣ ሌላው ከዩቲዩብ አውርዶ ዳግመኛ ያመቀው ነው። እንዲህ ያለ ፋይል በውድ ዕቃ ሲጫወት ጉድለቱ ይጎላል እንጂ አይድንም።

ስለዚህ ካሴቱ ካለ ወደ ካሴቱ እመለሳለሁ። ለዓመታት ተቀምጦ የከረመ ቴፕ ተጣብቆና ተጨናንቆ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አዙሬ እመልሰዋለሁ። የካሴት ማጫወቻውን፣ የዴኩን፣ ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል እጠርጋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ የሄዱ አቅጣጫ ነው። ካሴቱን የቀዳው ዴክ ሄድና አሁን የሚያነበው ዴክ ሄድ ዘንበላቸው ካልገጠመ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፤ ጸናጽሉ ይጠፋል፣ የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ይታፈናሉ። ሁለቱን ቻናል ወደ ሞኖ ቀላቅዬ እያዳመጥኩ በሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ አዞራለሁ። ልኩ ሲገኝ ድምፁ ወለል ብሎ ይከፈታል። ይህ ለእያንዳንዱ ካሴት፣ አንዳንዴም ለእያንዳንዱ ገጽ ለየብቻ መደረግ አለበት። በኋላ በኢኳላይዘር ቀጭኑን ድምፅ ማጉላት የዚህ ምትክ አይሆንም፤ አብሮ የቴፑን ሽሽታ ያጎላዋልና።

ስቀዳ በ24 ቢት ነው፤ የዘፈኑ ኃይለኛ ቦታ ከዲጂታሉ ጣሪያ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ቢያርፍ እንኳ የማጣው ነገር ስለሌለ። ለማድመጥ የሚቀመጠው ፋይል ግን የሲዲው ልክ፣ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ፣ ይበቃዋል። 16 ቢት ወደ 96 ዴሲቤል የሚጠጋ ስፋት ይይዛል፤ ያለ ዶልቢ የሽሽታ መቀነሻ የተቀዳ ተራ ካሴት 60 እንኳ አይደርስም። 192 ኪሎኸርዝ ቴፑ ላይ ያልነበረውን ከየትም አያመጣውም፤ ዲስኩን ይሞላል እንጂ። የማስቀምጠው በፍላክ ነው፤ ከ2001 ጀምሮ ያለ፣ ነጻ፣ አንዲት ቢት ሳይጥል ፋይሉን ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ የሚያሳንስ ዘዴ ነው።

ቀጥሎ ስም አለ። ጊዜዬን ከሁሉ በላይ የሚወስደው ይህ ነው፤ አይቆጨኝምም። ከኢንተርኔት የሚወርደው የመደርደሪያ መረጃ የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ የታሰበ ስለሆነ አንዳንዴ ሙላቱን በአባቱ በአስታጥቄ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ወደ ራሱ ስም መመለስ አለበት። ፊደሉም ሌላ ጣጣ አለው። «አለማየሁ» ብሎ የፈለገ ሰው «ዓለማየሁ» ተብሎ የተጻፈውን ዘፋኙን ዓለማየሁ እሸቴን ላያገኘው ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ አ እና ዓን እንደ ሁለት ፊደል ነው የሚቆጥራቸው። እኔ አንዱን አጻጻፍ መርጬ በሁሉም ፋይል ላይ እጸናበታለሁ፣ ሌላውን በማስታወሻው ቦታ እጨምረዋለሁ። የካሴቱን ሽፋን ፊትና ጀርባ ፎቶ አነሳለሁ፤ አቀናባሪ፣ ባንድ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲ፣ የተጻፈውን ሁሉ ፋይሉ ውስጥ አስገባለሁ። ሽፋኑ ዝም ያለውን ባለቤቱን እጠይቃለሁ። «ጋሼ፣ ይሄን ሳክስፎን ማን ነው የነፋው?» ስል ሳያመነቱ የሚመልሱ አባቶች አሉ። የነገሩኝን «እንደ ባለቤቱ ገለጻ» ብዬ ለይቼ እጽፈዋለሁ። «ትራክ 01» ተብሎ የቀረ ዘፈን ግማሽ ባለቤቶቹን አጥቷል፤ ለእኔ ይህ ከማንኛውም የድምፅ ጉድለት ይከፋል።

የቀረው ቀላል ነው። ፋይሎቹ እንደ ራስቤሪ ፓይ ባለ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣሉ፣ ዳክ ከአምፑ ጋር ይያያዛል፣ ስልኩ ማዘዣ ብቻ ይሆናል። ከብሉቱዝ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ በብሉቱዝ ድምፁ በስልኩ በኩል አልፎ እንደገና ይታመቃል፣ ስልክ ሲደወልም ሙዚቃው ይቋረጣል። በቤት ኔትወርክ ከሆነ ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ ዘፈኑ ይቀጥላል። ዋይፋዩ የብሎኬት ግድግዳ አላልፍ ካለ ተራ የኔትወርክ ገመድ ይዘርጋ፤ ውድ የዲጂታል ገመድ ግን አላስገዛም። በዚያ ገንዘብ ምትክ ስፒከሮቹን ከማዕዘን ማውጣት ይሻላል፣ ማዕዘን ላይ ያለ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አግበስብሶ የቤዝ ጊታሩን መስመር ይውጠዋል። ሶፍትዌሩን ክፍት ከሆኑት እመርጣለሁ። ሎጂቴክ የስኩዊዝቦክስ ማጫወቻዎቹን በ2012 ቢያቆምም ሶፍትዌሩ ክፍት ስለነበር ዛሬም በሊሪዮን ስም ይሠራል።

መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጎዳው በዚያው ቅጽበት እየጻፈ ያለ ዲስክ ነው፤ ስለዚህ ለትንሹ ኮምፒዩተር ዩፒኤስ አደርግለታለሁ፣ የሙዚቃውንም ዲስክ አዲስ ፋይል ካልገባ በቀር ለማንበብ ብቻ ክፍት አደርገዋለሁ። ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ሰፈር፣ ዘመድ ቤት ይቀመጣል። ፍላክ በየፋይሉ ውስጥ የድምፁን መለያ ቁጥር ስለሚይዝ ሁለቱንም ዲስኮች በዓመት አንዴ ማስፈተሽ ይቻላል። ቁጥሩ ያልገጠመው ፋይል ተበላሽቷል፤ ጤነኛው ቅጂ ከዘመድ ቤት ይመጣና ይተካዋል።