የስኳር ማብላላት ምርመራ በቤተ ሙከራ ትምህርት፦ ሂሳዊ ግምገማ

ባክቴርያዎች ስኳርን ማብላላት መቻላቸውን የሚፈትነው ሥራ በጥቃቅን ሕዋሳት ትምህርት ውስጥ ተደጋግመው ከሚሠሩት የቤተ ሙከራ ልምምዶች አንዱ ነው። አሠራሩ ቀላል፣ የሚጠይቀውም መሣሪያ ጥቂት ነው። ሆኖም ይኸው ቅለቱ ለድክመቱ ምክንያት ሆኗል። በተለመደው አቀራረብ ተማሪው ቢጫ ሲያይ «ያብላላል»፣ ቀይ ሲያይ «አያብላላም» ብሎ ሰንጠረዥ እንዲሞላ ይደረጋል። እንዲህ ያለው አቀራረብ ቀለም መለየትን እንጂ ማስረጃ መመዘንን አያስተምርም።

ምርመራው የሚካሄደው ፔፕቶን፣ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሚሆን አንድ ዓይነት ስኳርና ፊኖል ሬድ የተባለውን ጠቋሚ ቀለም በያዘ ፈሳሽ ነው። ኸርበርት ዱርሃም እ.ኤ.አ. በ1898 ያስተዋወቃት ትንሽ ቱቦም በውስጡ ተደፍታ ትቀመጣለች። ባክቴርያው ከስኳሩ አሲድ ሲያወጣ የፈሳሹ ፒኤች ከ7.4 ገደማ ተነሥቶ ከ6.8 በታች ይወርዳል፤ ቀዩም ወደ ቢጫ ይለወጣል። ጋዝ ከተፈጠረ ደግሞ በተደፋችው ቱቦ አናት ላይ ይጠራቀማል።

የአቀራረቡ የመጀመሪያ ጉድለት አሲድንና ማብላላትን አንድ አድርጎ ማየቱ ነው። ቢጫው ቀለም የሚመሰክረው አሲድ መኖሩን ብቻ ነው። አሲድ ግን ስኳር በኦክስጅን አማካይነት ሲለወጥም ይገኛል፤ ፕሲዩዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሂዩ እና ላይፍሰን እ.ኤ.አ. በ1953 ያቀረቡት ዘዴ ይህንኑ ለመለየት የታሰበ ነበር፤ ይኸውም ፔፕቶኑን ቀንሶ፣ ከሁለት ቱቦዎች አንዱን አየር እንዳይገባው መሸፈን ነው። ሁለቱም ቢጫ ከሆኑ ባክቴርያው ያብላላል፤ ክፍቱ ብቻ ከሆነ ግን ሥራው የኦክስጅን ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ጊዜን ቸል ማለት ነው። ውጤቱ በ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከ18 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ መነበብ ይገባዋል። ከዚያ በላይ ከዘገየ ስኳሩን የጨረሰው ባክቴርያ ወደ ፔፕቶኑ ይዞራል፤ የሚወጣውም አሞንያ ፈሳሹን መልሶ ሊያቀላው ይችላል። ዘግይቶ ያነበበ ተማሪ በዓይኑ ያየውን በታማኝነት ቢጽፍም እንኳ የጻፈው ስሕተት ይሆናል።

ጉዳዩ የክፍል ነጥብ ብቻ አይደለም። ኢሸሪሺያ ኮላይ ግሉኮስንና ላክቶስን አብላልቶ በተለምዶ አሲድና ጋዝ ያወጣል። የታይፎይድ በሽታ አምጪ የሆነው ሳልሞኔላ ታይፊ ግን ላክቶስን አያብላላም፤ ከግሉኮስም አሲድ እንጂ ጋዝ አያወጣም። አረፋ ካላየ በቀር «ያብላላል» ለማለት የሚያመነታ ተማሪ ነገ የጤና ላቦራቶሪ ሠራተኛ ሲሆን ይህን ልዩነት ሊስተው ይችላል። በአንድ ምርመራ ብቻ ባክቴርያን መሰየም እንደማይቻልም አብሮ ሊማር ይገባዋል።

የጊዜና የመሣሪያ እጥረት ለዚህ አቀራረብ መከላከያ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን ባክቴርያ ያልተጨመረበት አንድ ቱቦ፣ ስኳር የሌለበት ሌላ ቱቦ ለማነጻጸሪያ መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተማሪው ውጤቱን አስቀድሞ እንዲገምትና ምክንያቱን እንዲጽፍ ማድረግ ደግሞ ከነጭራሹ ወጪ የለውም። ሊጥ ሲቦካ እንደሚኮመጥጥና ኩፍ እንደሚል ከቤቱ የሚያውቅ ተማሪ የአሲድንና የጋዝን ምልክት ለይቶ ለማሰብ መነሻ አለው። መምህሩ ከዚህ መነሻ ተነሥቶ «ቀለሙ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «ቀለሙ ምን ያረጋግጣል? ምንስ አያረጋግጥም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ልምምዱ ሰንጠረዥ ከመሙላት አልፎ እውነተኛ ምርምር ይሆናል።